የጡሩምባ ነፊው ምስክርነት

አንድ ቀን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ይርዳው ለምስክርነት ፍርድ ቤት ተጠሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አናጢው አቶ ማንደፍሮ ይሞታሉ። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያስታመመቻቸው አንድ ልጃቸው አሰገደች የወራሽነት ማረጋገጫ ልታወጣ ስትል፣ ደምሰው የሚባል የሩቅ ዘመድ ከየት መጣ ሳይባል ዱብ አለ። «እኔም የጉዲፈቻ ልጃቸው ነኝ፤ እዚያው ቤት ነው ያደግኩት። ቤቱ ተሸጦ እኩል እንካፈል» ብሎ መቃወሚያ አስገባ። መማል የማይከብዳቸው ሁለት ምስክሮችም አቆመ። አሰገደች ደግሞ ከዚያች ቤት ሌላ መግቢያ የላትም። ምስክሯም ጋሽ ይርዳው ብቻ ናቸው።

የደምሰው ጠበቃ ምላሱ የተሳለ፣ ከእኔ በላይ አዋቂ ላሳር የሚል ሰው ነው። ጋሽ ይርዳው ገና ቃለ መሐላ ፈጽመው ሳይጨርሱ አፈጠጠባቸው።

«አባቱ የሞቱ ዕለት ደንበኛዬ ሲያለቅስ አይተዋል? ወሬ አልፈልግም! አይቻለሁ ወይም አላየሁም ይበሉኝ!»

«አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ይርዳው።

አሰገደች ክው አለች። ጠበቃው ግን ደረቱን ነፋ።

«እስቲ እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰ ለችሎቱ ይንገሩልኝ።»

«ኧረ እሱስ የለቅሶ ጌታ ነው! ገና ከድንኳኑ ደጅ ‹አባዬ! ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!› እያለ ነው የገባው። ደረቱን ደቃ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሦስት ሰው ደግፎ አስቀመጠው፤ ውሃ ያጠጣሁትም እኔው ነኝ።»

«ክብርት ዳኛ፣ ይመዝገብልኝ!» አለ ጠበቃው እጁን እያፋተገ። «የራሷ ምስክር ናቸው የተናገሩት! እንዲህ ያለ ለቅሶ ከልጅ በቀር ማን ያለቅሳል?»

ዳኛዋ ወደ ጋሽ ይርዳው ዞሩ። «የሚጨምሩት አለ፣ አባት?»

«ትንሽ ነገር አለችኝ። በዚያን ቀን ከሰፈራችን ሁለት ሰው ነው የሞተው፤ ሁለቱንም ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ያን ሁሉ ያለቀሰው እማማ ትርፌ ድንኳን ውስጥ ነው። አደግኩበት የሚለውን ቤት በር ስቶ፣ አሮጊቷን ‹አባዬ› ብሎ አልቅሶ፣ ንፍሮውን ቅሞ ሄደ። እንግዲህ መውረሱ የግድ ከሆነ፣ ካለቀሰበት ይውረስ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋም ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው መቃወሚያውን ውድቅ አደረጉት፤ አሰገደች በደስታ አለቀሰች። ከኋላ የእናታቸውን ውርስ ለማስወሰን ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት የእማማ ትርፌ ሰባት ልጆች ግን አልሳቁም። ታላቅየው ደንግጦ ብድግ አለና፣ «ክብርት ዳኛ፣ እኛ ስምንተኛ አንቀበልም!» አለ።