የእሜቴ ቀበሮ ከባድ ጫማ

በረዶ ሰብሉን የመታበት ዓመት ነበር፤ ዝናቡም ሳያባራ ሰነበተ። ያኔ፣ ስሙ በተረሳ ሸለቆ ውስጥ፣ አያ ጃርት የሚባል ዝምተኛ አባወራ ይኖር ነበር። ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ እየቀረበ ስለመጣ፣ ልጆቹን ሳይወስድበት ድንጋያማው ጋራ ላይ ሌላ ጉድጓድ መማስ ነበረበት። የጋራው ባልጩት ግን እግሩን ሸረካክቶ አላስወጣ አለው።

ስለዚህ ጫማ ሰፊዋ እሜቴ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

በዚያ አገር ጫማ የሚመረጠው እንደ ሙክት ነው፤ ብድግ አድርገው ያዩትና ከከበደ «ይሄ ነው!» ይላሉ። ቀበሮም ይህን ታውቃለችና ከጥሬ የጎሽ ቆዳ የሰፋችውን አቀረበችለት።

«አንሣው እስቲ፣ አያ ጃርት! የልጅ ልጅህ ይወርሰዋል። የጎተራህን ሥራሥር ሁሉ ብትሰጠኝ ይበዛብኛል?»

ጃርት አነሣው። «ለምን ከበደ?»

«ጥንካሬ ነዋ!»

ጃርት ወስዶ ኩሬ ውስጥ ነከረው።

«ምነው! ጫማ ይጫሙታል እንጂ እንደ ባቄላ ይዘፈዝፉታል?»

«ጋራው ላይም ዝናብ አለ።» ሲያወጣው ውሃ ጠጥቶ እንደ ጥጃ ከብዷል። «አሁንስ ለምን ከበደ?»

«ሲደርቅ ይቀላል።»

«እንግዲያው አንቺው አድርጊውና ይድረቅ።»

ቀበሮ እምቢ ለማለት አፍራ የራሷን ጫማ አወለቀችና አጠለቀችው። ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጣች። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጫማው እንደ ወጥመድ ጨምድዶ ያዛት።

«ኧረ እግሬን! ኧረ በልጆችህ!»

ጃርት ያወለቀችውን ጫማ እያገላበጠ ያይ ነበር። በደንብ ከለፋ የፍየል ቆዳ ተቆርጦ በጅማት ድርብ ተሰፍቷል። አጠፈው፤ እሺ አለ። ነከረው፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ። አነሣው፤ እንደ ላባ ነው።

«ለምን ቀለለ?»

«ስለለፋ ነው! ቅባት ስለጠጣ ነው! ጋራ ለጋራ ስዞር የምውል፣ ያንን ግንድ ልጎትት እንዴ? አውልቅልኝ!»

ጃርት ጥሬውን ቆዳ በጥርሱ ቆራርጦ አወለቀላት። የሚገባትን አንድ እቅፍ ሥራሥር ሰጣትና የእሷን ጫማ አደረገ።

«እኔስ በባዶ እግሬ?»

«ሌላ ስፊ። ቆዳውን ግን አልፊ» አላት።

ወዲያው ልጆቹን አስከትሎ ጋራውን ወጣ፤ መማስም ጀመረ። ጎርፉ ሲመጣ ያገኘው ባዶ ጉድጓድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ ጫማ ሰፊ ሲያወራ፣ እግሩን እይ አደራ።