የአብርሃም ጣት

አንድ ሠዓሊ ነበረ። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አብርሃም ይስሐቅን ሲሠዋ እንዲሥል ተጠራ። እንደተማረው ሣለ። አብርሃም በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ፊቱ እንደ ረጋ ውኃ ነው፤ በቀኝ እጁ ቢላዋ ይዟል። ልጁ ታስሮ ተኝቷል። በጉም በቁጥቋጦው ተይዞ ይታያል።

በዚያ አገር አንድያ ልጁ የሞተበት ገበሬ ነበረ። ከቀብሩ ወዲህ ቅዳሴ ሲጀመር ይገባል፤ ወንጌል ሳይነበብ ይወጣል። ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ቅጥሩን ይዞራል። ሚስቱ ጨርሶ ይቀራል ብላ ትፈራ ነበር። የደብሩ አለቃም ሥዕሉን ቢያይ ይጽናና ይሆናል ብለው ይዘውት ገቡ።

ገበሬው አየና፣ «ይህ ሰው ልጅ የለውም» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም።

ሠዓሊው መጀመሪያ ተናደደ፤ በኋላ ግን እረፍት አጣ። ልጁን ማየት ያቃተው አባት እንዲመስል የአብርሃምን ፊት ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ሣለው። አለቃው በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ኃጥእ ነው፣ ጻድቁ ምን አደረገህ ብለው አስፋቁት። ፊቱን እንደ ቀድሞው መልሶ ሥሎ እንባ ጨመረበት። እንባው ቀለም ብቻ ሆነበትና ራሱ ፋቀው። በመጨረሻ ገበሬው ደጅ ሄዶ ቆመ።

ገበሬው አጥሩን እየጠገነ ነበር። ተቀመጥ አላለውም። ሠዓሊው ሥዕሉ ምን እንደጎደለው ጠየቀ።

«እኔ ሥዕል አላውቅም» አለ ገበሬው። «ሐኪሙ የልጄን እብጠት ሲቀድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንዳይንቀሳቀስ አጥብቄ፣ እንዳያመው ደግሞ ላላ አድርጌ። ሁለቱን አንድ ላይ ሞክረህ ታውቃለህ?»

ሠዓሊው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ የአብርሃምን ፊት እንደ ሥርዓቱ በሁለት ዓይን ሣለ። ቢላዋውን ከነበረበት አላነሣም። የግራ እጁን ብቻ ለወጠ፤ ገመዱ እንዳይከረክረው፣ አንድ ጣት በገመዱና በልጁ የእጅ አንጓ መካከል አስገባ።

አለቃው ቀረብ ብለው አዩና ይህ የት ተጽፏል አሉ።

«አልተጻፈም» አለ ሠዓሊው። «ማሰሩ ግን ተጽፏል። አባቱ መሆኑም ተጽፏል።»

አለቃው፣ ይሁን አሉ።

በደብሩ በዓል ቀን ገበሬውን ሚስቱ ለምና አመጣችው። ከሥዕሉ ፊት ቆመ። ወንጌል ተነበበ፤ አልወጣም። የአንድ እጁን አንጓ በሌላው እጁ ይዞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመ። ተጽናና አልልሽም። ቆመ።

እህቴ፣ የአብርሃምን ታሪክ በልቦለድ ስጽፍ መጽሐፉ ያልነገረንን ስሜት መጨመር ድፍረት አይሆንብኝም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንባቢው በጉ እንደሚመጣ እያወቀ ለምን ይጨነቃል ብለሽም ሰግተሻል። እንግዲህ ሠዓሊው አንቺ ነሽ፤ ገበሬው አንባቢሽ ነው። የተጻፈውን አትንኪ። ቢላዋውን አትደብቂ፤ በየገጹም እንባ አታፍስሺ። አንድ አባት እጁ ምን እንደሚያደርግ ፈልጊና እሱን ጻፊ። አብርሃም ተራራውን ሲወጣ በጉን አላየውም፤ አንቺም አብረሽው ስትወጪ አትዪው።

ደግሞም ከአንባቢዎችሽ መካከል በጉ ሳይመጣለት የቀረ አባት አለ። መጨረሻውን ማወቅ ለእሱ ምንም አያቀልለትም።