ለእይታ የቆየው ማሾ

በእኛ ቆላ፣ ሰው ገና ጎተራ ባልገባ አዝመራ መኩራራት ሲጀምር ሽማግሌዎች በአንድ አባባል ያስቆሙታል። መነሻውን የሚተርኩት ሰዎች ጥፋቱን በአዲሱ ዘር ላይ ያላክካሉ። ዘሩ ምንም አላጠፋም።

እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ማሳቸውን ኑሩና ሙህዬ የሚባሉ ጎረቤታሞች ለሁለት ከፍለው ምርቱን በእኩል እየተካፈሉ ያርሱላቸው ነበር። ዝናቡ እያጠረ ማሽላው በላይ በላዩ ሲከስልባቸው፣ ቶሎ የሚደርሰውን ጥራጥሬ፣ ማሾን፣ ለመዝራት ተስማሙ። በዘሩ ላይ ግን አልተስማሙም። ሙህዬ ደቃቁንና በየተራ የሚደርሰውን የድሮ ዘር ያዘ። ኑሩ ፍሬው ትልልቅ የሆነውን፣ ባንድ ጊዜ የሚደርሰውን አዲስ ዘር አመጣ። ክርክሩ ሲሰለቻቸው እትዬ ዘሃራ ቆረጡ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዝሩ፣ አውድማ ላይ ብዙ ቁና የሰፈረው ከርሞ መሬቱን በሙሉ ያርሳል፣ ሌላው ይወጣል። ኑሩ ሌላ መሬት አልነበረውም። ቀድሞ የተስማማው ግን እሱ ነው።

ሙህዬ የደረሰ የደረሰውን ዛላ በማለዳ ይለቅም ጀመር፤ ጤዛ ያለሰለሰው ዛላ አይፈነዳም። ማሳው የተላጨ ራስ መሰለ። የኑሩ ማሾ ደግሞ ዛላው ጠቁሮ ተንዠረገገ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያደንቅለት ነበር፤ ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ነው።

የኑሩ ሚስት ጦይባ በማለዳ እንጨደው አለችው። እሱ እትዬ ዘሃራና ሽማግሌው ሼህ ይመር እንደቆመ ካላዩት አይነካም አለ።

«ዳኛው ቁና ነው ኑሩ፤ ዓይን አይደለም።»

«ሙህዬ የሰው ቀላቅሎ ሰፈረ ቢለኝስ? መጀመሪያ ይዩት።»

ሁለቱ ለቅሶ ደርሰው ሲመጡ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ሼህ ይመር ማሳውን ዞረው አዩና እንዲህ ያለ ማሾ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ኑሩ አብሮ ሊያይ ወደመጣው ሙህዬ ዘወር አለ።

«ቁናህን አውሰኝ፤ የእኔ ብቻዋን አትችለውም።»

ኑሩ ማጭዱን አንስቶ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሲጎትት ዛላው እንደሚቆላ ሽምብራ ተንጣጣ። አረንጓዴው ፍሬ ተበትኖ በተሰነጣጠቀው የዋልካ አፈር ውስጥ ገባ። ቀስ ብሎ ሞከረ። ያው ነው። ጦይባ እስከ ንጋት ተወው ብላ ለመነችው፤ እሱም ማጭዱን አስቀመጠ። ያን ጊዜ የሚጋረፍ ነፋስ ተነሣ፤ ማሳው ማንም ሳይነካው ከዳር እስከ ዳር ይንጣጣ ጀመር። ቢያጭደው ይረግፋል፣ ቢተወው ይረግፋል። ጦይባ ከሥሩ ሻሿን ዘረጋች፤ ነፋሱ ገለበጠባት። ባልና ሚስት ተንበርክከው እስኪመሽ ከስንጥቁ በጥፍራቸው ሲያወጡ ዋሉ። የሳቀባቸው የለም። ሙህዬም ጎንበስ ብሎ ያግዛቸው ነበር።

አውድማ ላይ የሙህዬ በለጠ። እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን አዞሩ እንጂ ቃላቸውን አላጠፉም። ኑሩ የሼህ ይመርን ጋቢ ያዘ።

«እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል። የእኔ አይበልጥም ነበር? ይመስክሩልኝ።»

ሼህ ይመር ጋቢያቸውን ሳያስለቅቁ መለሱለት፤ «አይቻለሁ ልጄ፣ ይበልጥ ነበር፤ ግን ቆሞ ያማረ፣ መሬት ላይ ቀረ።»