የአቶ ዳኛቸው የኋላ ማርሽ

በዚህ ታሪክ መጨረሻ የሚመጣውን አባባል ዛሬ ስብሰባ ላይ የሚናገር ሁሉ «አባቶች እንዳሉት» እያለ ይጠቅሰዋል። ውሸት ነው! አባቶች አላሉትም። የተወለደው በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ ከሳሪስ ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ነው፤ ያስወለደውም የአንድ ሰው እብሪት ነው።

ትርንጎ ለገሃር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የታክሲ ሰልፍ ሲያንገሸግሻት አሮጌ ብስክሌት ገዛችና በየማለዳው በእሱ ትመጣ ጀመር። ለአለቃዋ ለአቶ ዳኛቸው ግን ይህ አልተዋጠላቸውም። አንድ ዓርብ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣

«የመሥሪያ ቤቱን ክብር አወረድሽው! ከእንግዲህ ብስክሌት እዚህ ግቢ አይገባም» አሏት።

«ውጭ ካቆምኩት ይሰረቃል፤ ከተሰረቀ ተመልሼ ሰልፍ ላይ ነኝ። ማርፈድ ነው ክብሩ?» አለች ትርንጎ። «ለመሆኑ እርስዎ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ከቀይ መስመሩ በላይ ፈረሙ?»

ቀይ መስመር ማለት፣ የበሩ ጥበቃ ጋሽ መንበሩ ልክ ሁለት ተኩል ሲሆን የፊርማው መዝገብ ላይ የሚያሰምሩት ነው። ከዚያ በታች የፈረመ አርፋጅ ነው። ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ። አቶ ዳኛቸው ግን ደማቸው ፈላ።

«ሰኞ ሁለታችንም ከምንኖርበት ከሳሪስ አብረን እንነሳ! ቀድመሽኝ ከፈረምሽ ብስክሌትሽን ከመኪናዬ ጎን አቁሚ። ከቀደምኩሽ ግን ትሸጪውና ሰልፍሽን ትይዣለሽ!»

«እሺ» አለች ትርንጎ።

ሰኞ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ተነሡ። አቶ ዳኛቸው ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ተፈተለኩ። ጎተራ ሲደርሱ መንገዱ በመኪና ተቆልፏል። በመስታወታቸው ትርንጎ በዳር በዳር ስትመጣ ቢያዩ መሪያቸውን ጠምዝዘው ወደ አንድ ጠባብ መንደር ውስጥ ገቡ። ትርንጎም ሚኒባሶቹን ስለምትፈራ ሁልጊዜ የምትሄደው በዚያው ነበር።

መንደሩ መሀል ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ ከወዲያ መጣ። መንገዱ ለአንድ መኪና እንኳ በግድ የሚበቃ ነው። አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ።

«ጌታው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ። ከኋላዬ ሦስት መኪና አለ» አለ የፒክአፑ ሾፌር።

«እኔ? ወደ ኋላ? አባቴ እንኳ ወደ ኋላ ብሎ አያውቅም!»

«አባትዎ መኪና ነበራቸው እንዴ?»

የሠፈሩ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ነገሩ ያኔ አበቃለት። ለአቶ ዳኛቸው ከዚያ ወዲህ የኋላ ማርሹን መንካት እጅ መስጠት መሰላቸው። ሞተሩን አጠፉ። ሾፌሩም አጠፋ።

ትርንጎ ደረሰች። ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ግን አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ከኋላዎ ባዶ ነው። አሥር ሜትር ቢመለሱ ሁላችንም እናልፋለን።»

«ዞር በይ! ወደ ኋላ የሚል ፈሪ ነው!»

ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ከአሥር። ብስክሌቷን ትከሻዋ ላይ አውጥታ በግንቡና በመኪኖቹ መካከል በጎኗ ሾለከች። ፔዳሉ ሹራቧን ቀደደው።

«ጎሽ የኔ አንበሳ! እንዳትቆሚ!» አለች አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴት።

አልቆመችም። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ፔዳሉን ረገጠች። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቃል። እስክሪብቶውን ነጥቃ ፈረመች። ጋሽ መንበሩ ሰዓታቸውን አይተው ማስመሪያቸውን ከስሟ ሥር አጋደሙና ቀዩን መስመር አሰመሩ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ትርንጎም ብስክሌቷን እየገፋች ገብታ፣ ባዶውን ከቀረው የአለቃው ማቆሚያ ጎን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

አቶ ዳኛቸው ስድስት ሰዓት ላይ መጡ፤ በእግራቸው፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው።

«ጌታዬ፣ መኪናውስ?» አሉ ጋሽ መንበሩ።

«እዚያው ነው። ያ ባለጌ አልመለስም አለ፤ እኔም አልተመለስኩም!» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ጋሽ መንበሩ መዝገቡን ገልጠው ከቀዩ መስመር በታች እያመለከቱ እስክሪብቶውን አቀበሏቸውና፣ «አይ ጌታዬ፣ ወደ ኋላ አልልም ያለ፣ ባለበት ዋለ» አሉ።