በድሮ ዋጋ የተገዛ ቤንዚን

አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጉልላት ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ለቅሶ አይቀርም፣ ለተቸገረም ይደርሳል። ስለዚህ የከተማው ሰው ቃሉን ያምነው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የነዳጅ ዋጋ ከነገ ጀምሮ እንደሚጨምር ሰማ። በድሮው ዋጋ የገዛው ቤንዚን ገና ከማደያው ሥር ሞልቶ ተቀምጧል። ዛሬ ቢሸጠው ያተርፍበታል፤ ቢያሳድረው ግን ትርፉ ሌላ ነው። መግቢያው ላይ ገመድ አስወጠረና «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን አንጠለጠለ። «ሁሉም ማደያ የሚያደርገው ነው» ብሎ ራሱን አጽናና።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ነስሩ በባጃጁ መጣ።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ሊያልቅብኝ ነው። ትንሽ እንኳ ይቅዱልኝ።»

«እመነኝ ነስሩ፣ ጠብታ የለኝም። ነገ ይገባል።»

«እርስዎ ካሉማ ምን እላለሁ» ብሎ ተመለሰ።

ጉልላት ትንሽ አፈረ። ሌላ ሰው እንዳይለምነው ግን ስልኩን አጠፋና ቢሮው ውስጥ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ የጉልላት እናት ቤታቸው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ጎረቤት ተሯሯጠ። የልጃቸው ስልክ አይሠራም። አንዲት ሴት «በማደያው በኩል እንሂድ፤ ቤንዚንም እንቀዳለን» አለች።

ነስሩ «የለውም፣ ጠዋት ራሱ ነግሮኛል። ጊዜ አናጥፋ» አላትና እናትየውን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ባጃጁ ላይ አሳፍሮ በአቋራጭ ወደ ሆስፒታል ነዳ። ዳገቱ መሐል ላይ ሲደርሱ ቤንዚኑ አለቀ። በጋቢ ተሸክመዋቸው ሮጡ። ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ ግን እናትየው አረፉ።

ቤንዚኑ በአዲሱ ዋጋ ተሸጠ። ትርፉም ለድንኳንና ለለቀስተኛ መስተንግዶ ወጣ። ነስሩ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከጉልላት እግር ሥር ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ጋ ቤንዚን ቢኖር ኖሮ እማማን አደርሳቸው ነበር።»

ጉልላት እውነቱን ሊነግረው አፉን ከፈተ። ግን ሳይነግረው ነስሩን ከመሬት አንስቶ አቀፈውና ጮኾ አለቀሰ። ለቀስተኛውም ጉልላትን «ደጉ ሰው» አለው።

ወገኖቼ፣ ለትርፍ ብለን የምንደብቀው ነገር የማንን ቤት እንደሚያጎድል አናውቅም። የሚጠረጥረን ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በውሸታችን የሚጎዳው ያመነን ነው። እናንተስ ዛሬ እጃችሁ ላይ እያለ «የለም» ያላችሁት ምንድን ነው?