የሂራል አጎት ያስቆጠሩት ሰባት ቤት

ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገችው ሕንዳዊቷ ሂራል ለጎረቤቷ ለይርጋ ልትታጭ ነው። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ እሺታውን የሚሰጡት ከሙምባይ የመጡት ታላቅ አጎቷ ናቸው። እኚህ ሰው ሐበሻ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል ሲባል ሰምተዋል፤ ለምን እንደሚቆጥር ግን አልጠየቁም።

የይርጋ እናት፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ሽማግሌዎቿን አስከትላ ገብታ ገና በወጉ ሳትቀመጥ፣ «እኛ ልጃችንን ከወገናችን ውጭ አንድርም» አሏት አጎትየው። «እስቲ የልጅሽን ሰባት ቤት ቁጠሪ። አንድ የእኛ ሰው ከተገኘበት ልጅቷን ውሰጂ፤ ካልተገኘ በመጣሽበት ተመለሺ።»

ሂራል ይህን እየተጨነቀች ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ቆጠረች። ሰውየው በየስሙ «የእኛ አይደለም» እያሉ ሰባተኛው ላይ ደረሱ።

«አለቀ። አንድም ዘመዳችን የለበትም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«ይምሉልኛል ጌታዬ?»

«እምላለሁ።»

«ተመስገን» አለችና ሂራልን ስማ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «በእኛ ደንብ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ነው። ሽማግሌዎቼ ይህን ሲያጣሩ ሊከርሙ ነበር፤ እርስዎ ምለው ገላገሉን። እኔማ ከበር ላይ ካየሁዎት ጀምሮ፣ ዘመድ ሆነን እንዳንገኝ ስጸልይ ነበር።»