ጉልበቷን ያሳረፈች እናት

አንዲት እናት ነበረች። የሰባት ወር ልጇን ታቅፋ ዓይን ሐኪም ቤት ሄደች። ልጁ ቃለአብ ይባላል። ቁልፍ ብታንቃጭልለት ይዞራል፤ ድምፅ ሳታሰማ ፊቱ ላይ እጇን ብታወዛውዝ ግን ዓይኑ አይከተላትም። አማቷ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ የሚያይም አይመስለኝ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት።

እናንተዬ፣ አፉን ያልፈታ ሕፃን ማየት አለማየቱ እንዴት ይታወቃል? ፊደል ቁጠር አይባል!

እዚያ ሐኪም ቤት አንድ መሣሪያ አለ። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይወጣሉ፤ እየቆዩም እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ሕፃን ባዶውን ትቶ መስመር ወዳለበት ማየት ይወዳል። ከሥር ያለች ካሜራ ዓይኑ የት እንዳረፈ ራሷ ትመዘግባለች።

ሲስተር ይመኙሻል መሣሪያውን አስነሣች። መስመሩ በቀኝ ወጣ። እናት አየችው፤ ልጁ ግን ቶሎ አልዞረም። ልቧ ድው አለ። በግራ ጉልበቷ ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችው። በግራ ሲወጣ ደግሞ በቀኝ ጉልበቷ።

አትሳቁባት! እናንተስ? እንግዳ መጥቶ ልጃችሁን «ስምህ ማን ነው፣ ማሙሽ?» ሲለው፣ ማነው የሚመልሰው? ልጁ አፉን ሳይከፍት ስሙም፣ ዕድሜውም፣ ክፍሉም ተነግሮ ያልቃል! ይህችም እናት ልጇ እንዳይወድቅባት መልሱን በጉልበቷ አቀበለችው።

ሲስተር መሣሪያውን አቆመችና፣ «እናቱ፣ አሁን የተመረመርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ደህና ታያለሽ» አለቻት።

«ሲስተር፣ አያይም ብትይኝስ?» አለች እናት፤ እንባዋ ቀደማት።

«ዛሬ ገፍተሽ ብታሳልፊው፣ ነገ መንገድ ሲሻገር ማን ይገፋለታል? በነጠላሽ ዓይንሽን ሸፍኚ። ጉልበትሽንም አሳርፊው።»

ሸፈነች። እንዴት ከባድ ነው! መስመሩ በየት እንደወጣ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረቷ ላይ የተደገፈውን የልጇን ትንሽ ጭንቅላት። እመቤቴን እየጠራች ጠበቀች።

ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ዞረ። ማንም አልገፋውም። ቆየና ወደ ግራ። ደግሞ ወደ ግራ። ትክክል ይሁን ስህተት አታውቅም፤ ጉልበቷን ግን አላነሣችም።

«ያያል!» አለች ሲስተር። «ወፍራሙን ያያል፤ ቀጭኑ ነው የሚደበዝዝበት። ሐኪሙ መነጽር ያዝለታል።»

ለመነጽር እልል ያለች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ እልል አለች። ውጭ ወረፋ የያዙት እናቶች ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀበሏት። የዚያን ቀን ምሳዋን እዚያው ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ጠግባ በላች።

ወገኖቼ፣ እስከ መጨረሻው ገፍታው ቢሆን ኖሮስ? «ደህና ያያል» ተብሎ ያለ መነጽሩ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህን አስቡት።

እኛ ግን እንገፋለን። ልጃችን ሲጸልይ ቃሉን እንቀድመዋለን። ሲሳሳት እንሸፍንለታለን። እግዚአብሔርንም «ጌታ ሆይ፣ በዚህ በኩል ነው» እያልን ልናሳየው ይቃጣናል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አባት ነኝ፣ እኔም ገፍቻለሁ። ነገር ግን ድካሙ ያልታየለት ልጅ መድኃኒቱን ከየት ያገኛል?

ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ፣ በር ላይ አንድ ሰው ልጃችሁን ጎንበስ ብሎ ስሙን ይጠይቀዋል። እባካችሁ ዝም በሉ። ቢዘገይም ጠብቁት። እሱ ይመልስ።